የዶክተር ሽፈራው እንግዳወርቅ ዕረፍት እና የዶክተር ሣባ ሐዱሽ ጉዳይ
(ከጉርድ ሾላ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች እድር)

ለእድርተኞቻችን፣ ለምሥራቅ በር ሐኪም ቤት ሠራተኞች፣ በሐኪም ቤቱ ለታከሙና ተራ ለሚጠብቁ ሕሙማን፣ እንዲሁም ከመገናኛ እስከ ላምበረት ላለው ነዋሪ ሁሉ፤

የእድራችን አባልና የምሥራቅ በር ሐኪም ቤት የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሽፈራው እንግዳወርቅ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 1979 ዓ.ም. ጠዋት፣ ራሳቸው በመሠረቱት ክፍል ተኝተው ሲታከሙ ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ በአጥቢያችን ደብር ተፈጽሟል። እድራችን ሰው መቅበር ሥራው ነው፤ ብዙ ቀብሯል። የዶክተር ሽፈራው ሞት ግን የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አልሆነም። በእሳቸው እጅ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች በየሱቁ፣ በየመጋዘኑና በየግቢው አሉ፤ ሐዘኑ የእነዚህ ሁሉ ነው፤ የእኛም ነው።

መግለጫችን እንደ ልማዳችን በቀብሩ ዕለት አልተነበበም። የዘገየው በምክንያት ነው። ከቀብሩ በኋላ በድንኳኑ ውስጥና ከድንኳኑ ውጭ ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተወራ። ወሬው የአንዲት ሐኪም ስም አንሥቶ፣ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማንን ከአልጋቸው አስነሥቶ ወደ ቤት መለሰ። ኮሚቴያችን ያላጣራውን መጻፍ ስላልፈለገ ቀኑ አለፈ። አሁን የምናውቀውን ሁሉ እንጽፋለን፤ የማናውቀውን አንጨምርም።

ዶክተር ሽፈራው በ1928 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ ተወለዱ። በውጭ አገር የአጥንት ቀዶ ሕክምና ተምረው በ1964 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሐኪም ቤቱ ሲከፈት በ1966 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ጉርድ ሾላ ቤት ቀየሩና በዚያው ዓመት እድርተኛ ሆኑ። ሥራ በዝቶብኛል ብለው ከቀብር ቀርተው አያውቁም። ድንኳን ሲተከል ኮታቸውን አውልቀው ገመድ ይስቡ ነበር፤ ሲነቀልም እንዲሁ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወደ ክፍላቸው የገባውን ስብራት ሁሉ፣ ስብራቱ ከየት እንደመጣና ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠይቁ አክመዋል። ስለ እነዚያ ዓመታት ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

በ1973 ዓ.ም. በሐኪም ቤቱ የመጀመሪያውን የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ አደረጉ። ለማያውቀው አንባቢ፦ የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ኳስና እንደ ጽዋ ያለ ነገር ነው። ኳሱ በእርጅና ወይም በበሽታ ሲበላ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፤ ሰውየው መጀመሪያ ያነክሳል፣ ቀጥሎ ከዘራ ይይዛል፣ በመጨረሻ አልጋ ላይ ይቀራል። ዶክተር ሽፈራው የተበላውን ኳስ ቆርጠው በብረት ይተኩት፣ ጽዋውንም በጠንካራ ፕላስቲክ ይለብጡት ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሃጂ አብዱልገኒ ናቸው። ወጌሻ ለወጌሻ ሲዞሩ ዓመታት የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባታቸው በፊት እንደ ነጋዴ፣ «የዚህ ብረት ዋስትናው እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዶክተሩም፣ «ሃጂ፣ ብረቱ ከእርስዎ በኋላም ይኖራል። ዋስትና ያጣሁት ለእርስዎ ነው» አሏቸው። ሃጂ ዛሬም በእግራቸው ሱቅ ይከፍታሉ፤ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ፤ ይህችን ጨዋታ የነገሩንም ለቅሶው ላይ ዕንባቸውን እየጠረጉ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ዶክተር ሣባ ሐዱሽ ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥተው ክፍሉ ውስጥ ተመደቡ። በ1975 ዓ.ም. የጉልበት ቅየራ ተጀመረ። በገበያ ሸክም ጉልበታቸው ያለቀ ሴቶች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ዶክተር ሽፈራው በእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ዶክተር ሣባን አጠገባቸው አቁመው አስተማሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸው አጠገባቸው ቆመው አሠሯቸው፤ ከዚያም ክፍሉን ለቀው ወጥተው ከበር ውጭ ይጠብቁ ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ከተደረጉት ቅየራዎች እኩሌታው የዶክተር ሣባ እጅ ሥራ ነው። ብዙ ታካሚ ይህን አያውቅም ነበር፤ ስለተኛ አላየም።

በ1976 ዓ.ም. ዶክተር ሽፈራው ታካሚን ከቀዶ ሕክምና በፊት በቤቱ መጎብኘት ጀመሩ። ዳሌው የተቀየረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት፣ እግሩን ማነባበር አይችልም፤ ብረቱ ከቦታው ይወጣል። የእኛ ቤት ደግሞ ሁሉ ነገሩ ዝቅ ያለ ነው፤ አልጋው፣ ዱካው፣ ሽንት ቤቱ። «ቀዶ ሕክምና የሚጀምረው ከሽንት ቤት ነው» ይሉ ነበር። ሜትራቸውን ይዘው በየጓሮው ይገባሉ፤ ጉድጓዱ ላይ የሚቀመጥ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን ካልተሠራ፣ አልጋው በብሎኬት ከፍ ካላለ ቀጠሮ አይሰጡም። የእድራችን ዳኛ አቶ ገረመው፣ የዳሌ ታካሚ ሆነው በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። «ዶክተር፣ የሚያክሙት አልጋዬን ነው ወይስ እኔን?» ብለው ቢቆጡ፣ «አልጋው ይቅደም፤ እርስዎ ይደርሳሉ» ነበር መልሳቸው።

በ1977 ዓ.ም. ዶክተር ሽፈራው ለጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ አቀረቡ። በዚያ ዓመት በሰላም ከሐኪም ቤት ከወጡ በኋላ ብረታቸው ተናግቶ የተመለሱ ታካሚዎች ነበሩ፤ ሲጠየቁ ሁሉም ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሐዘንተኛው ሰሌን ላይ ተቀምጦ እነሱ ከፍ ብለው መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው ነው ወደ መሬት የወረዱት። ስለዚህ እድሩ በየለቅሶው ከፍ ያሉ ወንበሮች እንዲያቆም ጠየቁ። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንድ አባል ተነሥተው፣ «ባለ ለቅሶው መሬት ላይ ወድቆ ጠያቂው ዙፋን ላይ ሊወጣ ነው? ቡራኬም ይስጠን እንጂ!» ሲሉ ቤቱ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቁም። «ዙፋን አይደለም፤ እንደ ፋሻ ቁጠሩት። ፋሻ ለብሶ የመጣ ሰው ላይ ትቆጣላችሁ?» አሉ። በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ስድስት ወንበሮች ተሠርተው፣ ከሌሎቹ እንዲለዩ እግራቸው አረንጓዴ ተቀባ። የአጥቢያው ካህናትም ለእነዚህ ሰዎች የስቅለት ስግደት በቁም እጅ በመንሣት እንዲሆን ፈቀዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወሬ የበዛበት ነው፤ እድርተኛ በጥሞና እንዲያነብ እንጠይቃለን።

የዶክተር ሽፈራው የገዛ ዳሌያቸው መበላት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1978 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ አሳርፈው ነበር። ወዳጆቻቸው ውጭ ሄደው እንዲታከሙ መከሯቸው፤ ብዙ ደጅ ተጠንቶ የመውጫ ፈቃዱም ተገኝቶ ነበር። አልሄዱም። ኮሚቴያችን ምክንያቱን ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ ይህ ነው፤ «እኔ ውጭ ሄጄ ከታከምኩ፣ እናንተን በማን እጅ ላስተኛችሁ ነው? አስተማሪዋ ያላመናትን ማን ያምናታል?»

ዶክተር ሣባ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። «መምህሬን አልቆርጥም» ብለው ክፍሉን ጥለው እንደወጡ ነርሶቹ ይናገራሉ። ዶክተር ሽፈራው በከዘራ ተከትለዋቸው ኮሪደሩ ላይ፣ «አንቺ ካልሠራሽልኝ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን ውሃ በላው በይኛ!» አሏቸው። ቀዶ ሕክምናው ከመስቀል በፊት ተደረገ። ቁስሉ ሳይመረቅዝ ዳነ። በጥቅምት ዶክተሩ በሁለት ክራንች፣ ቀጥሎም በአንድ ከዘራ ጉርድ ሾላ ገበያ ውስጥ ታዩ። ሰው እያስቆመ እንኳን ለዚህ አበቃዎት ሲላቸው፣ «ለእኔ ሳይሆን ለሠሪዋ ንገሯት» ይሉ ነበር። ተራ ጠባቂዎች በዶክተር ሣባ እጅ ለመታከም ፈቃዳቸውን የሰጡት በዚያ ወር ነው።

በጥቅምት መጨረሻ የእህል ነጋዴዋ እድርተኛ ወይዘሮ ዘርፌ የአንድያ ልጃቸው የእሸቴ መርዶ ተነገራቸው። እሸቴ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ነበር። አስከሬን አልመጣም፤ ቀብር አልነበረም፤ ድንኳን ብቻ ተተከለ። ወይዘሮ ዘርፌ ራሳቸው ቀኝ ጉልበታቸውን ለማስቀየር ተራ የሚጠብቁ የዶክተር ሽፈራው ታካሚ ናቸው።

ዶክተር ሽፈራው በማግስቱ መጡ። አቶ ገረመው እግሩ አረንጓዴ የሆነውን ወንበር ራሳቸው አንሥተው ከወይዘሮ ዘርፌ ፊት አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ቀና ሳይሉ፣ «ዶክተር፣ ልጄ አፈር እንኳ አላገኘም። ቆሜ የማለቅስበት መቃብር የለኝም» አሏቸው። ዶክተሩ ወንበሩን አዩት፤ ወይዘሮ ዘርፌን አዩ። አቶ ገረመው ክንዳቸውን ይዘው፣ «ዶክተር፣ የራስዎን ሕግ!» ብለዋቸዋል። ዶክተሩ ግን፣ «ይህችን ሴት ከላይ ሆኜ አላነጋግራትም» ብለው ከዘራቸውን አስቀምጠው ሰሌኑ ላይ ወረዱ። ከወይዘሮ ዘርፌ አጠገብ ጥቂት ቆዩ። ምን እንደተባባሉ የእነሱ ነው።

ሊነሡ ሲሉ ብረቱ ከቦታው ወጣ። ድምፁን አጠገባቸው የነበሩት ሰምተዋል። የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ዝም በሉ፤ ለቅሶውን አትረብሹ» ነበር። መኪና ያለበት ድረስ የሚሸከሙበት ሌላ ነገር ስላልነበረ በእድሩ ቃሬዛ ወጡ፤ አስከሬን በምንሸከምበት። በር ላይ ያገኟቸው ሴቶች እሪ ሲሉ፣ «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ በሏቸው» እያሉ ነበር። ላባቸው ግን ሸሚዛቸውን አርሶት ነበር።

ዶክተር ሣባ በዚያው ቀን በማደንዘዣ አስተኝተው ዳሌውን ወደ ቦታው መለሱት። በራጅ ታይቶ ብረቱም ሲሚንቶውም አልተነቃነቀም። እንዳይወጣ እግራቸው በገመድና በክብደት ተስቦ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ግድ ሆነ። አልጋ ላይ የቆየ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ይህን ራሳቸው ለታካሚዎቻቸው ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ ተነሡ፣ ተንቀሳቀሱ እያሉ የሚያስጨንቁት ለዚህ ነበር። ኅዳር 11 ጠዋት ነርሷ ፊታቸውን ስታጥባቸው ትንፋሽ አጠራቸው። ዶክተር ሣባ ሮጠው ደረሱ፤ አልተቻለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ በዚያ ሰዓት ያደረጉትን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ጠይቀን አግኝተናል። አስከሬኑ ተከፍቶ እንዲመረመር የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ዘመዶች፣ «እንዴት ተደርጎ! ሬሳውን ደግሞ ታስቆርጪዋለሽ?» ብለው ተቃወሙ። «እሱ ስንቱን ከፍቶ አይቷል። እሱ ቢከፈት ምን ነውር አለው?» አሉ። «ነገ በዚህች ልጅ ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ዛሬ ካልታየ ነገ አፈር ይሸፍነዋል።» ከሌላ ሐኪም ቤት የተጠሩ ሁለት ሐኪሞች መረመሩ። ያገኙትን ለኮሚቴያችንም በቃል አስረድተዋል። ለሞት ያበቃቸው ከእግራቸው ተነሥቶ ሳንባቸውን የዘጋ የረጋ ደም ነው። የዳሌው ብረት በቦታው፣ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። ቁስሉ ውስጥ መግል አልነበረም። የቀዶ ሕክምናው ሥራ እንከን አልተገኘበትም።

የሆነው ይህ ነው። በድንኳኑ ውስጥ የተወራው ግን ሌላ ነው። «ያረደችው እሷ ናት» ተባለ። «ብረቱ አሮጌ ነበር» ተባለ። «ጎበዞቹ ሐኪሞች ግንባር ሄደው ለኛ ተማሪዋን ተዉልን» ተባለ። ስለ ዶክተር ሣባ ትውልድ አገርም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተወራ አለ፤ እሱን አንደግመውም። ይህ እድር የሰው አገር ጠይቆ አልመዘገበም፤ አገር ጠይቆም አልቀበረም።

በሠልስቱ ዕለት ዶክተር ሣባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ድንኳኑ መጡ። አልገቡም፤ ከካስማው አጠገብ ቆሙ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «አበስኩ ገበርኩ! ደግሞ እኮ አዘቅዝቃ መጣች!» አለች። ሌላዋም፣ «ምን ታድርግ፣ ሥራዋን ልታይ ነዋ» ብላ መለሰች። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሰሙ።

«ማን ናት የመጣችው?» ብለው ጠየቁ።

«ሐኪሟ ናት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ይገትራታል እዚያ? የቤት ልጅ እንደ እንግዳ ደጅ ይቆማል?»

ተነሥተው ወጡ። ባለ ለቅሶ ከመደቡ ተነሥቶ ጠያቂ መቀበሉ በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። እጃቸውን ይዘው አስገቧቸውና ከጎናቸው፣ ከሐዘንተኞች መካከል አስቀመጧቸው። «እዚህ ሁኚ፣ ልጄ። አንቺም ሞቶብሻል» አሏቸው። መምህራቸው ከሞቱ ጀምሮ ዶክተር ሣባ ያለቀሱት ገና ያን ጊዜ ነው ይላሉ አብረዋቸው የሚሠሩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር። በተከታዩ ሳምንት ተራ ከሚጠብቁት ሕሙማን አብዛኞቹ ሐኪም ቤቱ ሄደው ስማቸውን አሰረዙ። ተኝተው የነበሩ ሁለት ሰዎች ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። አንዳንዶቹ ወደ ወጌሻ ተመልሰዋል። የሐኪም ቤቱ አስተዳደር ለኮሚቴያችን ያስረዳው ቁርጥ ነው፤ ከግንባር የሚመጣው ቁስለኛ በዝቷል፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ማክሰኞ ማክሰኞ ለዳሌና ለጉልበት የሚከፈተው ታካሚ ስላለ ነው፤ እስከ መጪው ማክሰኞ የሚተኛ ሰው ካልተገኘ ቀኑ ለሌላ ሥራ ይሰጣል፣ በመጋዘን ያሉት ብረቶችም ወደ ሌላ ቦታ ይላካሉ። ዶክተር ሣባም ተዛውረው ይሄዳሉ።

አስተዳደሩን አንወቅስም፤ ቁስለኛውም የሰው ልጅ ነው። ግን አንድ ጊዜ የተዘጋ ክፍል በዚህ ዘመን ተመልሶ እንደማይከፈት በንግድ የኖርን ሰዎች እናውቃለን። ዶክተር ሽፈራው ውጭ ያልሄዱት ይህ ክፍል ከእሳቸው በኋላ እንዲቆም ነው። ክፍሉ ከተዘጋ በሕይወታቸው የከፈሉት በከንቱ ቀረ ማለት ነው። በከዘራ የሚሄደው አልጋ ላይ ይውላል፤ አልጋ ላይ ያለውም እዚያው ይቀራል።

ኮሚቴያችን ረቡዕ ዕለት በዚህ ጉዳይ ተሰብስቦ ሳለ ወይዘሮ ዘርፌ በምርኩዝ ገቡ። ከልጃቸው መርዶ ወዲህ ከቤት አልወጡም ነበር፤ የዶክተሩ ቀብር ላይም አልታዩም። ለምን እንደቀሩ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ተናገሩ። «መሬት ያወረድኩት እኔ ነኝ። በምን ፊቴ ልቀብረው?» አሉ። አቶ ገረመው፣ «ወንበሩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እያየ ነው የተወው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አሏቸው። እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ።

«ማክሰኞ እኔ እገባለሁ። ለሐኪሟ ንገሩልኝ።»

«አርባው ሳይወጣ?»

«አርባው ቢወጣ እሸቴ ይመጣልኛል?»

አቶ ገረመው ደነገጡ። «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሰው ሁሉ እየሸሸ እርስዎ ይገባሉ? ያበዱ ነው እንዴ?»

«ለእብደትማ በየት ጉልበቴ!» አሉ። ከመርዶው ወዲህ ከአፋቸው ጨዋታ የወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሳቀ ግን የለም። ከዚያም ምርኩዛቸውን እያዩ፣ «እኔ እንደሆን ብሞት የምተወው ልጅ የለኝም። ልጅ ያለው ሰው ይፈራል፤ አልፈርድበትም። እኔ ልግባና ይዩኝ። ከዳንኩ ይገቡ፤ ካልዳንኩም ያውቁታል» አሉ። የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ ምንም አላሳመርነውም።

ኮሚቴው አልመከራቸውም፤ አልከለከላቸውም። ነገሩን ለዶክተር ሣባ አድርሷል። ዶክተር ሣባ በማግስቱ ሜትር ይዘው ወይዘሮ ዘርፌ ቤት ሄደው አልጋውንና ሽንት ቤቱን ለክተዋል። ወጣቶቻችን ሣጥኑን ሠርተው አስገብተዋል።

ለሕሙማን የምንለው ይህን ነው። ማንም አይሞትም ብለን ቃል አንገባም። ቀዶ ሕክምና አደጋ አለው፤ የረጋ ደም በሌላ ሰው ላይም ሊደርስ ይችላል። ሐሰት ተናግረን ማንንም አልጋ ላይ አናስተኛም። ነገር ግን ዶክተር ሽፈራው የሞቱት በዶክተር ሣባ እጅ ስሕተት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሌላ ሲያወራ ዝም ካለ፣ ክፍሉን ከሚዘጉት አንዱ ሆኗል።

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴያችን በወይዘሮ የሻሽወርቅ ጥያቄ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። በእድራችን ሕግ ሐዘንተኛ ማን እንደሆነ የሚነግረን የሟች ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ የነገረንን ሰው ሁሉ እድርተኛ ቤቱ ሄዶ የማጽናናት ግዴታ አለበት። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የሐዘንተኞቻቸውን ስም ሲሰጡን ልጆቻቸውን ጠሩ፤ ከልጆቻቸው ጋር ዶክተር ሣባ ሐዱሽን ጠሩ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ሣባ በእድራችን ዘንድ ባለ ለቅሶ ናቸው። ክፉ የተናገረም ያልተናገረም እድርተኛ እኩል ግዴታ አለበት። በሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር እንዲናገር ማንም አይላክም።

ለወይዘሮ የሻሽወርቅና ለልጆቻቸው፦ ባልና አባት ለጎረቤት ሁሉ ተካፍሎባችሁ ኖረ፤ በሞቱም ተካፈልንባችሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ለምሥራቅ በር ሐኪም ቤት ነርሶች፣ ሐኪሞችና የጽዳት ሠራተኞች፦ ሐዘናችሁን እንደ ሐዘናችን ቆጥረናል፤ ያጽናችሁ።

ለወይዘሮ ዘርፌ፦ በአንድ ወር ሁለት ሐዘን ተቀምጠዋል። እሸቴን አልቀበርነውም፤ ስሙን ግን ከዶክተር ሽፈራው ስም ጋር በደብራችን በጸሎት እናስጠራለን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያስታምምዎት ቤተሰብ ስለሌለ የእድሩ ሴቶች ተራ ገብተዋል።

ለዶክተር ሣባ ሐዱሽ፦ መምህርዎን አጥተዋል፤ ከዚያም በላይ የማይገባዎትን ሰምተዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

እድርተኞች ከላምበረት በታች ወዳለው የዶክተር ሣባ ቤት ከዛሬ ዓርብ ጀምሮ እስከ ሰኞ ምሽት፣ ከሰዓት እላፊ በፊት፣ በየሰፈራችሁ ተራ እንድትደርሱ። ማክሰኞ ግን ማንም እንዳይሄድ፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ኅዳር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.
ጉርድ ሾላ
ስለ እድሩ ኮሚቴ፣ ጸሐፊው ካሳዬ